ከደመና ውስጥ መውረድ የሚፈቀደው ከየት ጀምሮ ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በቅርቡ ለዚህ አምድ ከተላኩት ስለ በረራ የሚጠይቁ ደብዳቤዎች መካከል በርካታዎቹ፣ ጸሐፊዎቻቸው ሳይተዋወቁ፣ አንድ ጉዳይ ላይ ተገናኝተዋል። ጉዳዩ በመሣሪያ ብቻ እየተመራ የሚመጣ አውሮፕላን ወደ መንደርደሪያው የሚያደርገውን የመጨረሻ ቁልቁለት የሚጀምርበት፣ አብራሪዎች ፋይናል አፕሮች ፊክስ የሚሉት ቦታ ነው። ከዚህ በታች በአጭሩ «ፊክሱ» እያልን ደብዳቤዎቹን በተራ እንመልሳለን። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ማይል ስንልም የባሕር ማይል ማለታችን ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው በሰሜን ቨርጂኒያ ሲሆን፣ የግል አብራሪነት ፈቃዴን ካገኘሁ በኋላ አሁን የመሣሪያ በረራ ሥልጠና እየተከታተልሁ ነው። አውሮፕላንን በሬዲዮ ጨረር ወደ መንደርደሪያ የሚመራውን የአይ ኤል ኤስ ሥርዓት ቻርት ስመለከት በጎን እይታው ላይ የማልታ መስቀል አያለሁ፤ ከእርሱ አጠገብ ደግሞ የመብረቅ ቅርጽ ያለው ቀስት አለ። አንዱ አስተማሪዬ ፊክሱ መስቀሉ ነው ይለኛል፤ ሌላው መብረቁ ነው ይላል። ማንኛቸውን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱም ትክክለኛውን ነግረውዎታል፤ ያልነገሩዎት ነገር ቢኖር እያንዳንዳቸው የሚናገሩት ስለ የትኛው አቀራረብ እንደሆነ ነው። በእጅዎ ያለው ወረቀት አንድ ቢሆንም በላዩ የታተሙት አቀራረቦች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ሎካላይዘሩ አቅጣጫውን፣ ግላይድ ስሎፑ ደግሞ የቁልቁለቱን መጠን የሚሰጡበት ሙሉው አይ ኤል ኤስ ነው። ሁለተኛው ግላይድ ስሎፑ ከአገልግሎት ውጭ ሲሆን ወይም አውሮፕላንዎ ተቀባዩ ሳይኖረው ሲቀር በሎካላይዘሩ ብቻ የሚደረገው ነው። የማልታው መስቀል የዚህ የሁለተኛው ነው። የሙሉው አይ ኤል ኤስ የመጨረሻ ክፍል የሚጀምረው ግን መብረቁ በሚያመለክተው ከፍታ ላይ ሆነው ግላይድ ስሎፑን በሚያገኙበት ቦታ ነው፤ በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ሰነዶችም ይህ ቦታ ፋይናል አፕሮች ፖይንት ተብሎ ለብቻው ተሰይሟል።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪዎች የሚያልፉት አንድ ነገር አለ። ተቆጣጣሪው ከታተመው ከፍታ በላይ ሆነው ግላይድ ስሎፑን እንዲይዙ ቢያደርግዎ፣ የመጨረሻው ክፍል የሚጀምረው የመሣሪያው መርፌ መሐል በገባበት ቅጽበት አይደለም፤ ግላይድ ስሎፑን ተከትለው እየወረዱ የታተመውን ከፍታ በሚያልፉበት ጊዜ ነው። ከታተመው ዝቅ ብለው እንዲይዙ ካዘዘዎ ደግሞ በተግባር የያዙበት ቦታ ራሱ መነሻው ይሆናል። ልዩነቱ የወረቀት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልዎት፤ ከመነሻው በፊት ባሉት ነጥቦች ላይ የተጻፉት ዝቅተኛ ከፍታዎች መርፌው መሐል ቢሆንም ባይሆንም ያስገድዱዎታል። በተለይ በሞቃት ቀን ከሩቅ የያዙትን ግላይድ ስሎፕ ዝም ብለው ቢከተሉ፣ የከፍታ መለኪያው ከእውነተኛው ከፍታ ያነሰ ስለሚያሳይ፣ በአንዱ ነጥብ ላይ ከተፈቀደው በታች ሆነው ሊያልፉ ይችላሉ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን አስፈለገ ቢሉ፣ ምክንያቱ ከበታችዎ ካለው መሬት ጋር የሚኖርዎት ክፍተት ነው። የአሜሪካ የአቀራረብ ንድፍ ደንብ በአቀራረቡ የመጀመሪያ ክፍል ላይ ከከፍተኛው መሰናክል በላይ የ1,000 ጫማ ክፍተት እንዲጠበቅ ያዛል፤ በመካከለኛው ክፍል ይህ ክፍተት ወደ 500 ጫማ ይወርዳል፤ ፊክሱ ከታለፈ በኋላ ደግሞ በሎካላይዘር አቀራረብ የሚቀረው 250 ጫማ ብቻ ነው። ዓለም አቀፉ ስሌት በሜትር 300፣ 150 እና 75 ስለሆነ ከዚህ ብዙም አይርቅም። በመሆኑም ፊክሱን «የክፍተቱ እኩሌታ የሚነሣበት ቦታ» ብለው በአእምሮዎ ቢይዙት፣ እዚያ ከመድረስዎ በፊት ምን ምን መጠናቀቅ እንዳለበት ማንም ሳይነግርዎ ይገባዎታል። ፍጥነቱ የተስተካከለ፣ ፍላፑ የተዘረጋ፣ የሬዲዮ ጣቢያው መለያ ድምፅ ተሰምቶ የተረጋገጠ፣ ማረፍ ባይቻል በየት በኩል እንደሚወጣ የተነበበ መሆን አለበት። ለዚህ ያለዎት ጊዜ አጭር ነው። የአሜሪካ ተቆጣጣሪዎች የአየሩ ሁኔታ በማይመችበት ጊዜ አውሮፕላኑን ወደ መጨረሻው መስመር የሚያስገቡት ከአቀራረቡ በር ቢያንስ 2 ማይል ቀደም ብለው ነው፤ በሩ ራሱ ከፊክሱ 1 ማይል ቀደም ብሎ ይገኛል፤ ስለዚህ በ120 ኖት (በሰዓት 120 ማይል) ለሚበር ሰው መስመሩ ላይ ከገባ በኋላ እስከ ፊክሱ የሚቀረው አንድ ደቂቃ ተኩል ብቻ ሊሆን ይችላል።

ሙሉውን አይ ኤል ኤስ በሚበሩበት ጊዜም መስቀሉን አይናቁት። ከአጠገቡ ግላይድ ስሎፑ በዚያ ቦታ ላይ የሚያልፍበት ከፍታ ታትሟል፤ እዚያ ሲደርሱ የከፍታ መለኪያዎን ከዚያ ቁጥር ጋር ማስተያየት የመላው አቀራረብ ዋነኛ ማመሳከሪያ ነው። ለምሳሌ የታተመው 1,800 ሆኖ ሳለ፣ ግላይድ ስሎፑ ላይ በትክክል እያሉ መለኪያዎ 2,100 ቢያሳይዎ፣ የአየር ግፊቱ 29.62 ኢንች ሆኖ ሳለ መለኪያው ላይ 29.92 አስገብተው ይሆናል። መለኪያው በ300 ጫማ አጋንኖ እያሳየዎት ነው ማለት ነው፤ በዚያው ከቀጠሉ ለማረፍ ወይም ወደ ላይ ለመውጣት በሚወሰንበት ዝቅተኛው የውሳኔ ከፍታ ላይ ደርሻለሁ ብለው በሚያስቡበት ጊዜ በእውነቱ ከእርሱ 300 ጫማ በታች ይሆናሉ። ግላይድ ስሎፑ ራሱ ሐሰተኛ ቢሆንም የሚጋለጠው እዚሁ ላይ ነው፤ የ3 ዲግሪው ጨረር ከበላዩ፣ በተለይ በ9 ዲግሪ አካባቢ፣ ሐሰተኛ አምሳያ ስላለው ግላይድ ስሎፕ ዘወትር ከበታች ይያዛል የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ ከስተርሊንግ ወደ ዊንችስተር በመንገድ ቁጥር 7 ስንሄድ ብሉሞንት አጠገብ ተራራውን እንሻገራለን። በዚያ አካባቢ በ1974 ወደ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ የሚመጣ የመንገደኞች አውሮፕላን ተከስክሶ ነበር ሲሉ አንድ ጎረቤቴ አጫወቱኝ። ከመንደርደሪያው ያን ያህል ርቆ ሳለ ለምን ያን ያህል ዝቅ አለ?

መልስ፦ ጎረቤትዎ የነገሩዎት ዲሴምበር 1 ቀን 1974 ስለደረሰው የቲ ደብሊው ኤ በረራ ቁጥር 514 አደጋ ነው። ቦይንግ 727 የነበረው አውሮፕላን ከኢንዲያናፖሊስ ተነሥቶ በኮሎምበስ በኩል ወደ ዋሽንግተን ናሽናል አውሮፕላን ማረፊያ ሲጓዝ፣ እዚያ ኃይለኛ ነፋስ ስለነበረ ወደ ደለስ እንዲዞር ተደረገ። በማውንት ዌዘር ምዕራባዊ ተዳፋት ላይ ሲወድቅ ከተሳፈሩት 92 ሰዎች አንድም አልተረፈም። የዛሬው የአሜሪካ የመሣሪያ በረራ ደንብ አንድ ወሳኝ አንቀጽ የተጻፈው በዚህ አደጋ ምክንያት ስለሆነ፣ ጥያቄው ከቀደመው ተማሪ ጥያቄ ጋር በቀጥታ ይገናኛል።

የሆነው እንዲህ ነው። አውሮፕላኑ በ7,000 ጫማ ላይ፣ ከደለስ ወደ 44 ማይል ርቆ ሳለ፣ ተቆጣጣሪው ለመንደርደሪያ 12፣ አቅጣጫን በሚሰጥ የሬዲዮ ጣቢያ (ቪ ኦ አር) እና በርቀት መለኪያ (ዲ ኤም ኢ) የሚደረገው አቀራረብ እንደተፈቀደለት ነገረው። እስከ ስንት ጫማ እንደሚወርድ ግን አልነገረውም። ሠራተኞቹ ፈቃዱን የተረዱት በቻርቱ የጎን እይታ ላይ እስከተጻፈው 1,800 ጫማ ድረስ መውረድ እንደሚችሉ አድርገው ነው። ያ ቁጥር የተጻፈው ግን ወደ ደለስ በጣም ለቀረበው ክፍል ሲሆን፣ እነርሱ ደግሞ ከዚያ ክፍል ገና ብዙ ማይሎች ርቀው ነበር። ከሁሉ የሚያሳዝነው፣ ካፒቴኑ እየወረደ ቻርቱን ሲያነብ ለዚያ ስፍራ ዝቅተኛው ከፍታ 3,400 ጫማ ነው የሚል ቁጥር በሌላኛው እይታ ላይ አግኝቶ ነበር፤ በድምፅ መቅጃው ላይ ጉዳዩን ሲያነሣና ከባልደረቦቹ ጋር ሲነጋገርበት ይሰማል። ንግግሩ የተቋጨው ተቆጣጣሪው ከፈቀደ ወደ ዝቅተኛው መውረድ ይቻላል በሚል ነበር። አውሮፕላኑ ከደለስ 25 ማይል ያህል ርቆ፣ 1,670 ጫማ ገደማ ከፍታ ባለው ተዳፋት ላይ ተላተመ።

የብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ዋነኛውን ምክንያት ሠራተኞቹ ያ ዝቅተኛ ከፍታ ከሚሠራበት ክፍል ሳይደርሱ ወደ እርሱ ለመውረድ መወሰናቸው ነው አለ፤ ሆኖም ተቆጣጣሪዎችና አብራሪዎች «ተፈቅዷል» የሚለውን ለየቅል ይረዱት እንደነበረም ሳይጠቅስ አላለፈም። የቦርዱ አባላት ራሳቸው በውሳኔው ላይ አንድ ድምፅ አልነበሩም፤ በእኔ እምነት መከፋፈላቸው ተገቢ ነበር፣ ምክንያቱም ያ ፈቃድ ለሁለት ትርጉም የተመቸ ነበር።

ከዚያ በኋላ ደንቡ ተለወጠ። ባልታተመ መስመር ላይ ወይም በራዳር እየተመራ ያለ አብራሪ አቀራረብ ሲፈቀድለት፣ በታተመው መስመር በአንዱ ክፍል ላይ በትክክል እስኪገባ ድረስ በመጨረሻ የታዘዘለትን ከፍታ መጠበቅ አለበት። ተማሪው አንባቢያችን ዘወትር በሬዲዮ የሚሰሙት «መስመሩ ላይ እስኪገቡ ድረስ 3,000 ይጠብቁ፣ አቀራረቡ ተፈቅዷል» የሚለው አነጋገር የዚህ ውጤት ነው። ሌላም ውጤት ነበረው። ከአደጋው ስድስት ሳምንት ገደማ ቀደም ብሎ የሌላ አየር መንገድ አብራሪዎች በዚያው ስፍራ ያንኑ ስሕተት ፈጽመው ለጥቂት ተርፈው ነበር፤ ድርጅታቸው የራሱን አብራሪዎች አስጠንቅቋል፤ ማስጠንቀቂያው ግን ወደ ሌሎች አልደረሰም። አብራሪዎች ስማቸው ሳይገለጽ ስሕተታቸውን የሚያሳውቁበት፣ በናሳ የሚተዳደረው የደኅንነት ሪፖርት ሥርዓት በ1976 ሥራ የጀመረው ይህ ክፍተት ከተጋለጠ በኋላ ነው።

ከፊክሱ በፊት ያለው አደጋ ይህ ከሆነ ከፊክሱ በኋላም ሌላ አለ። ፊክሱን ማለፍ ሁልጊዜ በቀጥታ እስከ መጨረሻው ዝቅተኛ ከፍታ ድረስ ለመውረድ አያስችልም፤ በመሐል ሌላ ደረጃ ሊኖር ይችላል። ኦገስት 6 ቀን 1997 በጓም ደሴት የኮሪያ አየር መንገድ ቦይንግ 747 ሲመጣ ግላይድ ስሎፑ ከአገልግሎት ውጭ ነበር፤ ስለዚህ አቀራረቡ በሎካላይዘር ብቻ ነበር። በቻርቱ መሠረት እስከ ፊክሱ 2,000 ጫማ፣ ከዚያ ኒሚትዝ የሚባለው ቪ ኦ አር እስኪታለፍ 1,440 ጫማ፣ ከዚያም በኋላ እስከ 560 ጫማ መውረድ ይቻል ነበር። የርቀት መለኪያው ጣቢያ እንደብዙዎቹ አውሮፕላን ማረፊያዎች በመንደርደሪያው አጠገብ አልነበረም፤ ከመንደርደሪያው 3.3 ማይል ወዲህ በኮረብታ ላይ ነበር። አውሮፕላኑ 1,440ን ሳይጠብቅ በደመናና በዝናብ ውስጥ ወርዶ ያንኑ ኮረብታ መታ፤ ከ254 ሰዎች 228ቱ ሞቱ። የአደጋው ምክንያቶች ብዙ ናቸው፣ የካፒቴኑ ድካምና የሥልጠናው ጉድለት ተጠቅሰዋል፤ ለዚህ አምድ የሚበቃው ግን በሁለቱም አደጋዎች ቁጥሩ ከተጻፈለት ቦታ ተነጥሎ መነበቡ ነው። ቻርት ሲያጠኑ ከፍታን ብቻውን አያንብቡ፤ «1,800፣ ከዚህ ነጥብ በኋላ» እያሉ ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ያንብቡ።

ጥያቄ፦ በአንዳንድ የቆዩ የቪ ኦ አር ቻርቶች ላይ የማልታ መስቀሉን ፈልጌ አጣሁት። የማተሚያ ስሕተት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ጣቢያው በራሱ በአውሮፕላን ማረፊያው ቅጥር ውስጥ ሲሆንና በመስመሩ ላይ ሌላ ነጥብ የሚያመለክት መሣሪያ ሳይኖር ሲቀር አቀራረቡ ፊክስ ሳይኖረው ሊነደፍ ይችላል። አብራሪው ከጣቢያው ወደ ውጭ ይወጣል፣ በታተመው ርቀት ውስጥ ዞሮ ይመለሳል፣ በመጨረሻው መስመር ላይ ወደ ውስጥ አቅንቶ ሲገባ ያ ቦታ የመጨረሻው ክፍል መነሻ ይሆንለታል። ማረፍ ካልቻለ የሚወጣው ጣቢያውን ሲያልፍ ስለሆነ የመውጫውን ነጥብ ለማወቅ በሰዓት መቁጠር አያስፈልገውም። መነሻው በትክክል የማይታወቅ በመሆኑም ዓለም አቀፉ ደንብ እዚህ ላይ ከ75 ሜትር ይልቅ የ90 ሜትር ክፍተት ይጠይቃል።

ጥያቄ፦ ባለፈው ክረምት ወደ ፍራንክፈርት ስንመለስ ጭጋግ ነበር። ካፒቴኑ እይታው ከተፈቀደው በታች ስለወረደ አቀራረቡን አቋርጠናል ብለው ዞርን፤ ከፊታችን የነበረው አውሮፕላን ግን ከሁለት ደቂቃ በፊት አርፏል አሉን። ለእርሱ የተፈቀደ ለእኛ እንዴት ይከለከላል?

መልስ፦ መልሱ እይታው በወረደበት ቅጽበት እያንዳንዳችሁ የት ነበራችሁ የሚለው ነው። በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት አብራሪው የተነገረው እይታ ከዝቅተኛው መጠን በታች ከሆነ ከአውሮፕላን ማረፊያው በላይ ከ1,000 ጫማ በታች መውረድ ወይም ወደ መጨረሻው ክፍል መግባት አይችልም። ከዚያ መስመር ካለፈ በኋላ እይታው ቢወርድ ግን እስከ ውሳኔው ከፍታ ድረስ መቀጠል ይፈቀድለታል፤ እዚያ ደርሶ የመንደርደሪያውን መብራት ካየ ያርፋል፣ ካላየ ወደ ላይ ይወጣል። በአሜሪካ የንግድ በረራዎች ላይ መስመሩ የመጨረሻው ክፍል መነሻ፣ ማለትም ፊክሱ ነው። ከፊታችሁ የነበረው መስመሩን ካለፈ በኋላ አዲሱ ቁጥር ተነግሮት ይሆናል፤ እናንተ ግን ገና አልደረሳችሁም ነበር። በተጨማሪም ሁሉም አውሮፕላንና ሁሉም ሠራተኛ አንድ ዓይነት ዝቅተኛ መጠን የለውም፤ ራሱ በሚያርፍ አውቶፓይሎት የተሠማሩና ለዚያ የሠለጠኑ ሠራተኞች ሌሎች በማይችሉበት ጭጋግ ሊያርፉ ይችላሉ።

በነገራችን ላይ በአሜሪካ የግል አብራሪን ይህ እገዳ አይመለከተውም፤ የተነገረው እይታ ዜሮ ቢሆንም ሄዶ ማየት ይችላል፤ ከዝቅተኛው ከፍታ በታች ለመውረድና ለማረፍ ግን ራሱ ከአውሮፕላኑ ሆኖ የሚያየው እይታ የታተመውን ያህል መሆን አለበት። ይህ ነፃነት ለጀማሪ ይጠቅመዋል ብዬ አላምንም።

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከአዲስ አበባ ነው። አብራሪ ባልሆንም ስለ በረራ ማንበብ እወዳለሁ። የቦሌ ከፍታ በዚህ ጉዳይ ላይ ለውጥ ያመጣል ወይ? ደግሞስ ፊክሱን የሚያሳየው መሣሪያ ራሱ ቢሳሳት አብራሪው በምን ያውቃል?

መልስ፦ ሁለቱም ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል።

ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ7,600 ጫማ በላይ ላይ ይገኛል። አየሩ ስስ ስለሆነ የፍጥነት መለኪያው የሚያሳየው ከእውነተኛው ፍጥነት ያንሳል፤ በግርድፍ ስሌት በየ1,000 ጫማው 2 በመቶ ያህል ነው፤ በቦሌ ከፍታ ላይ ልዩነቱ 15 በመቶ ገደማ ይደርሳል። እንግዲህ ነፋስ በሌለበት በመለኪያው 140 ኖት የሚያሳይ አውሮፕላን በእውነቱ ወደ 160 ኖት በሚጠጋ ፍጥነት ይሄዳል። በአንድ አቀራረብ ላይ ከፊክሱ እስከ መውጫው ነጥብ 5 ማይል ነው እንበል፤ በባሕር ዳርቻ ያለ አብራሪ በ140 ኖት ይህንን ርቀት በ2 ደቂቃ ከ9 ሰከንድ ይጨርሳል፤ በ160 ኖት የሚሄደው ግን 1 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ያህል ብቻ ይፈጅበታል። በሰዓት ቆጠራ የሚመራ አብራሪ የተሳሳተውን ፍጥነት ይዞ ከሠንጠረዡ ቢያነብ መውጣት ከሚገባው በኋላ 16 ሰከንድ ያህል ወደፊት ይሄዳል፤ በዚያ ፍጥነት ይህ ከግማሽ ማይል በላይ ነው። የ3 ዲግሪ ቁልቁለት ለመጠበቅም በደቂቃ 740 ጫማ ገደማ ይወርድ የነበረው እዚህ ወደ 850 ጫማ መውረድ ይኖርበታል። ከመሬት ጋር ያለው ክፍተት በጫማ ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ የሚታለፍበት ጊዜ ያጥራል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ስንመጣ ከተማዎ ራሷ ምሳሌ አላት። ማርች 31 ቀን 2003 የአንድ የብሪታንያ አየር መንገድ ኤርባስ ኤ320 የአዲስ አበባን ቪ ኦ አር ተጠቅሞ ወደ ቦሌ ሲቀርብ ከአውሮፕላን ማረፊያው በስተሰሜን ምሥራቅ 5 ማይል ያህል ላይ ባለ ከፍተኛ ቦታ ላይ በ56 ጫማ ብቻ አልፏል። ሠራተኞቹ ወዲያው ወደ ላይ ስለወጡ ማንም አልተጎዳም። የብሪታንያ መርማሪዎች እንደደረሱበት ከሆነ ችግሩ የቪ ኦ አሩ አንቴና ክፍል ውኃ ገብቶበት የተሳሳተ አቅጣጫ መስጠቱ ነበር። በመርፌው ላይ የሚታየው ሁሉ የተስተካከለ ይመስል ነበር።

ጉዳዩን አሳሳቢ የሚያደርገው ግን የሚከተለው ነው። አውሮፕላኑ የጂ ፒ ኤስ መቀበያ አልነበረውም፤ ኮምፒውተሩ የራሱን ቦታ የሚያስተካክለው ከምድር ጣቢያዎች ስለነበር ከዚያው ከተበላሸው ቪ ኦ አር የተሳሳተውን መረጃ ወሰደ። በዚህ የተነሣ መርፌው የሚያሳየውና በስክሪኑ ካርታ ላይ የሚታየው ተስማሙ፤ ሁለት ምስክሮች አንድ ነገር የተናገሩ መሰለ፣ ሁለቱም ግን የሰሙት ከአንድ ሰው ነበር። የመሬት ቅርበት ማስጠንቀቂያውም ወደፊት ያለውን ተራራ የሚያሰላው ከዚያው ከተዛባው ቦታ ተነሥቶ በመሆኑ በጊዜው ሊያስጠነቅቅ አልቻለም። በዚህ ሁኔታ ፊክሱን በትክክለኛው ርቀትና ከፍታ ማለፍ ብቻውን አያድንም፤ ርቀቱ ትክክል ሆኖ አቅጣጫው ሊሳሳት ይችላልና።

ስለዚህ አብራሪው የሚያውቀው በሌላ፣ ከመጀመሪያው ጋር ምንጭ በማይጋራ መሣሪያ በማመሳከር ነው። ቪ ኦ አሩን ኤን ዲ ቢ ከሚባለው ሌላ የሬዲዮ ጣቢያ ጋር፣ ሁለቱንም ከጂ ፒ ኤስ ጋር፣ የራዲዮ ከፍታ መለኪያውን ደግሞ በካርታው ላይ ካለው የመሬት ቅርጽ ጋር ማስተያየት አለበት፤ ይህም የሚደረገው ክፍተቱ ገና ሰፊ ሳለ፣ ከፊክሱ በፊት ነው። አንደኛው ከሌላው ካልተስማማ የትኛው እውነተኛ እንደሆነ መርምሮ ለማወቅ ያ ቦታ አይሆንም፤ ወደ ላይ ወጥቶ በሰፊው ከፍታ ላይ መመርመር ነው።

በዛሬዎቹ የጂ ፒ ኤስ አቀራረቦች ይህ ማመሳከር በከፊል በመቀበያው ውስጥ ተሠርቷል። መቀበያው የሳተላይቶቹን መረጃ እርስ በርሱ እያስተያየ ራሱን ይመረምራል፤ ወደ ፊክሱ 2 ማይል ሲቀረው በብዙዎቹ መቀበያዎች ላይ የመርፌው ሙሉ መዛነፍ ከ1 ማይል ወደ 0.3 ማይል እየጠበበ ይሄዳል፤ አቀራረቡ መሥራት መጀመሩንም በስክሪኑ ላይ ያሳውቃል። ያ ምልክት ፊክሱ ላይ ሲደረስ ካልታየ፣ ወይም የመቀበያው ማስጠንቀቂያ ከዚያ በፊት ከበራ፣ አብራሪው ከፊክሱ በኋላ ወደሚፈቀደው ከፍታ መውረድ የለበትም፤ ያለበትን ከፍታ ጠብቆ በፊክሱ በኩል እስከ መውጫው ነጥብ ይሄድና በታተመው መንገድ ይወጣል። ማስጠንቀቂያው ፊክሱ ከታለፈ በኋላ ከበራ ደግሞ ሌላ ማሰላሰል ሳያስፈልግ ወዲያውኑ ወደ ላይ መውጣት ይጀምራል፣ ለተቆጣጣሪውም ያሳውቃል።